ቅርጫት ውስጥ የበሰለ ፉል

ባለፈው ሳምንት ባምባሲ ውስጥ ቤተሰቦች የመብራት ወጪያቸውን እንዴት እንደሚቀንሱ ስጠይቅ ውዬ፣ አንዲት እናት ድስቷን ያስቀመጠችበትን ሣጥን ስትከፍትልኝ የጋለ ድስት የነካው የደረቅ ሣር ሽታ አወደኝ፤ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ልቤ አሶሳ ወዳደግኩበት ግቢ ሄደ።

በግቢው ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እንኖር ነበር፤ ከፊት አከራያችን ጋሼ በላይና ባለቤታቸው፣ በቀኝ እናቴና እኔ፣ በጓሮ በኩል ከሆሞሻ የመጣችው የበርታ ብሔረሰብ ተወላጇ ሐዋ። እናቴ በየጠዋቱ መንገድ ዳር ፉል ትሸጣለች፤ የምንበላውም የምማረውም ከዚያው ነው። ባቄላ ደግሞ ግማሽ ቀን ካልፈላ አይበስልምና የኤሌክትሪክ ምድጃችን ሽቦ እንደ በርበሬ ቀልቶ ይውላል። የመብራት ቢል በመጣ ቁጥር ጋሼ በላይ ወረቀቱን እያራገቡ በረንዳቸው ላይ ይቆሙና «ባቄላ ነው ወይስ ድንጋይ የምትቀቅዪው?» ይላሉ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ። አንድ ወር ግን ቀልዱን ትተው ቁርጡን ነገሯት፤ የሚቀጥለው ቢል ካልቀነሰ ምድጃው ከግቢው ይወጣል።

እናቴ ያልሞከረችው የለም። በሁለቱ ክፍሎቻችን መካከል ያለውን ግድግዳ ከላይ በስታ በአንድ አምፖል ሁለቱንም አበራች፤ የሦስቱን ቤት ልብስ ሰብስባ፣ ካውያው አንዴ ከጋለ አይቀር ብላ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መተኮስ ጀመረች። ይህ ሁሉ ከባቄላው ፊት ኢምንት ነበር።

መላውን ያመጣችው ሐዋ ናት። ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ ደረቅ ሣር ጠቀጠቀች፤ ተዘፍዝፎ ያደረው ባቄላ ደህና አድርጎ እንደፈላ ድስቱን ከነክዳኑ ሣሩ ውስጥ ቀበረችው፤ ብርድ ልብስም ደረበችበት። እናቴ ግን፣ ከወሎ በሰፈራ የመጣች፣ ያለ እሳት የሚበስል ነገር አለ ብትባል የማታምን ሴት፣ ደቂቃ በደቂቃ እየሄደች ክዳኑን ገለጠችው። ሲመሽ ባቄላው ጥሬ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ፉል አልተሸጠም።

ሐዋ ድስቱን እንደገና ቀበረችና በዚህኛው ዙር ራሷ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጠችበት።

«እትዬ፣ አንተ መክፈት የለም! ሙቀት ይሸሻል» አለች፣ ወንድና ሴት በሚያደባልቀው አማርኛዋ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሐዋዬ፣ ላሽትተው!»

«ወላሂ አልነሳም!»

አልተነሳችም። ሲመሽ ባቄላው በጣት ሲነካ ይፈርስ ነበር፤ እናቴ ከቅርጫቱ አውጥታ አንዴ አፈላችውና በቅርጫቱ ዙሪያ እስክስታ ወረደች።

ቢሉ የመጣ ቀን ጋሼ በላይ መነጽራቸውን አጥልቀው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ወደ ግማሽ ወርዷል።

«ቆጣሪው ሞቶ ይሆን?»

«ደህና ነው ጋሼ። ድንጋዩ በስሎ ነው» አለቻቸው እናቴ።

ምድጃው ቀረ። ሳምንት ሳይሞላ የጋሼ በላይ ባለቤት ሽምብራቸውን በድስት ይዘው ሐዋ ደጅ ቆሙ፤ እናቴ በግቢው ውስጥ እንዲያ ቀና ብላ ስትሄድ ያየሁት ያን ወር ነው።

ዛሬ ግቢው ሦስት ቆጣሪ አለው፣ ሦስቱም በካርድ የሚሞሉ። ማን ስንት እንደፈጀ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ጭቅጭቁ መቅረቱ መልካም ነው። ያኔ፣ በአንዱ ቆጣሪ ዘመን፣ ሐዋን ወባ የጣላት ለታ ግን መታመሟን ማንም ሳይነግረን ያወቅነው፣ እናቴ ቆጣሪው ዝግ ብሎ ሲዞር አይታ «ዛሬ ያላበሰለው የማን ቤት ነው?» ስትል ነበር።