የቦራ ጋማ

ያን ሽታ ከስሙ በፊት አፍንጫዬ ነው ያወቀው። ኮሶበር ከተማ መናኸሪያ ጀርባ ባለች ጠባብ ፀጉር ቤት፣ ፎጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞልኝ፣ ሃያ ዓመት ሪላክሰር በሚሉት ማለስለሻ ቅባት ሳስተኛው የኖርኩትን ፀጉር ከሥሩ አስቆርጬ የተፈጥሮውን ላሳድግ ተራዬን ስጠብቅ፣ ፀጉር ሠሪዋ ልጅ ከጎኔ ለተቀመጠች ኮረዳ አንድ ነጭ ጣሳ ከፈተችላት። የተበላሸ እንቁላል ላይ ሽቶ የደፉበት የሚመስለው፣ ከሥሩ ኖራ ኖራ የሚለው ሽታ ቤቱን ሞላው። ለእኔ አዲስ አይደለም፤ በየሁለት ወሩ በራሴ ተሸክሜው ቢሮ የገባሁት ሽታ ነው። የዚያን ቀን ግን ከጆሮዬ ጀርባ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ፀጉር የሚባል የሌለባት ልሙጥ ቦታ ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ሽታው ሲመጣ እጄ ሳላዘው ወደዚያች ቦታ ሄደ። ትዝ ያለኝ ፈረስ ነው።

አባቴ ቦራ የሚባል ፈረስ ነበረው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለበት ነው ስሙ። ቤታችን ጥርባ ነበር፣ የዘንገና ሐይቅ ቁልቁል ከሚታይበት ዳገት ላይ፣ በቀርከሃ አጥር የታጠረ፣ ጉሙ ከሐይቁ እየተነሳ እስከ ረፋድ ድረስ በሩን የሚዘጋበት ቤት። አባቴ እኛን ሲቆጣ በአማርኛ፣ ደስ ሲለው በአዊኛ ነበር፤ ቦራን ግን ከአዊኛ በቀር በሌላ ቋንቋ አነጋግሮት አያውቅም። እናቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትሰማውና፣ እኔን እንኳ በሙሽርነቴ እንዲህ አላናገረኝም ትል ነበር። አገሩም አባቴን በስሙ ሳይሆን አባ ቦራ እያለ ነበር የሚጠራው፤ እንግዲህ የፈረሱ ክብር የማን ክብር እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

እህቴ የሺ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ፣ እኔ የመጨረሻዋ ነበርን፤ በመካከላችን አሥር ዓመት አለ። ከእሷ ጋር ነበር የምተኛው። የየሺ ፀጉር ጥቅጥቅ ያለ፣ ቁጥርጥር፣ ሚዶ የሚሰብር ፀጉር ነበር፤ ሹሩባ ስትሠራ ሠሪዋ መካከል ላይ ተነስታ ጣቷን ታፍታታ ነበር። እኔ ግን እንቅልፍ የሚወስደኝ ጣቶቼን እዚያ ውስጥ ቀብሬ ነው። የጭስና የቅቤ ሽታ ነበረው፤ ከውስጡ ይሞቃል። ጥርባ ብርድ ነው፣ ከዚያ የሚሻል መሞቂያ አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው፣ የሺ ለአንድ የዳንግላ መምህር ታጨች፤ ሠርጉም ከዐቢይ ጾም በፊት ተቆረጠ። የጥምቀት ዕለት ከሙሽራው እህት ከብርቱካን አንድ ነጭ ጣሳ በሰው እጅ ተላከላት። ብርቱካን የከተማ ልጅ ነበረች፤ ለሽምግልናው ከወንድሟ ጋር በመጣች ጊዜ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተኝቶ፣ አንገቷን ባዞረች ቁጥር አብሮ ሲዞር የሺ በቀርከሃው ግድግዳ ቀዳዳ ዓይኗን ሳትነቅል አይታታለች። ጣሳው «ለሙሽራዋ» ተብሎ ነበር የመጣው። የሺ ስጦታውንም ያልተነገረውንም ቃል አብራ ተቀበለች።

ከጣሳው ጋር የታጠፈ ወረቀት ነበር። የሺ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው፣ እኔ አራተኛ ነበርኩ፤ ስለዚህ የቤቱ ምሁር ሆኜ ወረቀቱን ተቀበልኩ። ጽሕፈቱ የፈረንጅ ነው። ከዚያ ሁሉ የገባኝ ሃያ የሚለው ቁጥር ብቻ ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ይሁን ሃያ ማንኪያ ግን ለእኔም አልተገለጠልኝም። እናቴ የተጠራጠረችውን እህል መጀመሪያ ለዶሮ በትና የምታይ ሴት ናት፤ የሺም የእናቷ ልጅ ነበረችና ጣሳውን ይዛ ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ ወደ ቦራ ተመለከተች።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ሚካኤልን ሊሸኝ ሲወጣ እኛ ጓሮ ቀረን። የሺ በእንጨት ማንኪያ እየዛቀች የቦራን ጋማ ከሥር እስከ ጫፍ ለቀለቀችው፤ እኔ ልጓሙን ይዤ ገብስ እያጎረስኩ አባበልኩት። ብዙ ቆየ። እየበላ ቆየ፣ በትዝብት እያየን ቆየ፤ በመጨረሻ በፊት እግሩ መሬቱን መጫር ሲጀምር የሺ በቃው አለችና በምንጭ ውኃ አጠብነው። ሲደርቅ ያየነው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ ያ የተንጨባረረ ጋማ ወደ አንድ ወገን ተኝቶ ያብረቀርቃል። የሺ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጣሳውን ከድና «ሥሩ ላይ የሚተርፈው የአንች ነው» አለችኝ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ ጣሳው ሥር ሳላስብ ያደርኩበት ቀን የለም።

የጥር ጊዮርጊስ ዕለት ፈረሰኛው ሁሉ ወደ ሜዳው ሲወጣ የአባቴን ያህል የኮራ አልነበረም። ምን ቀብተኸው ነው ሲሉት፣ ዘሩ ነው ይላል፤ ደግመው ሲጠይቁት የቦራን እናት፣ ሲደግሙ አያቱን እየጠቀሰ ያስረዳል። እኔና የሺ ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን ነበር ሳቃችንን የያዝነው።

በማግስቱ፣ ዓርብ ቀን፣ ቦራን ውኃ ላጠጣው ወደ ምንጭ ይዤው ወረድኩ። ጉሙ ገና አልተነሳም። ሲጠጣ እንደ ልማዴ ጋማውን በእጄ ብዳብሰው እፍኝ ሙሉ ፀጉር ተከትሎኝ መጣ። አልጎተትኩትም፤ ነካሁት እንጂ። የተቀረውን ገለጥ ባደርገው ሥሩ ላይ ያለው ቆዳ ቀልቷል፣ ረጥቧል፣ ዝንብ ሰፍሮበታል። ቦራ ቆዳውን አንቀጠቀጠና ዞሮ አየኝ። እፍኙን ፀጉር ይዤ ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም፤ ያሰብኩትን ግን አውቃለሁ። ከተናገርኩ ጣሳው ይጣላል፣ ከተጣለ ሥሩም የለም። ያን ፀጉር ከምንጩ አጠገብ ድንጋይ አንስቼ ከሥሩ ቀበርኩትና፣ የተረፈውን ጋማ ቁስሉ ላይ አስተኝቼ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ቅዳሜ እናቴ ለሠርጉ በርበሬ ልትሸምት አዲስ ቅዳም ገበያ ወረደች። የሺ ምሰሶው ሥር ተቀመጠች፤ ቀቢዋ እኔ ነበርኩ። ገና ሳልጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ። ልጠበው ብላት «ቦራ የቻለውን እኔ አልችልም?» አለችኝ፤ ምሰሶውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ቦራ የቆየውን ያህል ቆየች። አጥቤ ሳደርቀው ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወረደ። የመስታወቱን ስባሪ ይዛ አንገቷን ወዲህ አዞረች፣ ወዲያ አዞረች። እንዲያ ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም። እንዲያ ፈርቼም አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦራ ለእኔ የቀን መቁጠሪያ ሆነ። እሱ የተቀባው ከየሺ አሥራ ሦስት ቀን ቀድሞ ነው፤ ዛሬ እሱ ላይ የማየው ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ እሷ ላይ ይመጣል ማለት ነው። በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ ሒሳቡን ሠርቼ አንድ ማጽናኛ አገኘሁ፤ ሠርጉ የሚውለው በስምንተኛው ቀን ነው፣ በስምንተኛው ቀን ደግሞ የቦራ ጋማ አገር ይማርክ ነበር። ስለዚህ ሠርጉ በሰላም ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ላለመቁጠር ሞከርኩ። ጠዋት ጠዋት ግን ቦራን ወደ ሐይቁ አፋፍ ስወስደው ጣቴ በራሱ ይቆጥር ነበር፤ ማክሰኞ ከጆሮው ሥር ረገፈ፣ ረቡዕ እስከ ትከሻው ወረደ፣ ሐሙስ አንገቱ ላይ ቆዳ ብቻ ቀረ። አባቴ ሲያየው ፊቱ ዐመድ መሰለ። የሰው ዓይን ነው አለ፤ ያን ያህል ባላወድሰው ኖሮ ብሎ ራሱን ረገመ፣ የሠርግ ሳምንት ክፉ አይወራም ብሎም እኔን ዝም አሰኘኝ። የሺ ሙሽራ ናት፣ ከጓዳ አትወጣም፤ እሷ ብቻ አላየችም። ሌሊት አጠገቧ ስተኛ ጣቴን ወደ ፀጉሯ አልሰደድኩም። ያሳክከኛል ትል ነበር፣ በእንቅልፏ።

ሠርጉ እንደቆጠርኩት በሰላም አለፈ። ብርቱካን አጨበጨበች፣ እልል አለች፣ የሺን ግንባሯን ሳመቻት።

በመልሱ ዕለት ሙሽሮቹ እኛ ቤት ሲመጡ የሺ ራሷን በሻሽ ጠፍራ አስራ ነበር የመጣችው። ሰው ሲበላ ሲጠጣ እናቴን ወደ ጓሮ ጠርታ ሻሹን ፈታች፤ እኔ ከቀርከሃው አጥር አጠገብ ቆሜያለሁ። ከአናቷ እስከ ማጅራቷ ያለው ሁሉ የቦራ አንገት ነበር። እናቴ ድምፅ ሳታሰማ ደረቷን መታች። የሺ አላለቀሰችም፤ «ብርቱካን እያወቀች ነው የላከችልኝ» አለች። ከዚያ ዞር ስትል ቦራን አየችው። ብዙ አየችው፤ ወደ እኔ መጥታ ቁጢጥ አለችና «ይኼ መቼ ጀመረው ጥሩዬ?» አለችኝ።

«ከሠርግሽ ወዲያ» አልኩ።

አመነችኝ። ለምን አታምነኝ? ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ሠላሳ ዓመት ከዚያች ቃል ጋር ነው የኖርኩት። ሁለተኛ ደረጃ ስማር አራት ዓመት ዳንግላ በየሺ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ከእጇ በልቻለሁ፣ ባሏ ደግ ሰው ነው፣ ልጆች ወልደዋል፤ ራሷን ግን አንድ ቀን እንኳ ገልጣ አላየኋትም፣ ሻሹን አስራ ነበር የምትተኛው። ከብርቱካን ጋር በአንድ ከተማ፣ በአንድ ደብር እየኖሩ፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ የሺ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስበዋለች። ብርቱካን ደጋግማ ሽማግሌ ልካለች። የየሺ መልስ አንድ ነበር፤ «እያወቀች ነው»። እኔም ያን እየሰማሁ፣ ሥራ ስይዝ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ፀጉራቸውን ሲያስተኙ እኔም አስተኛሁ፤ አሁን ጓንት አለ፣ ሰዓት አለ፣ ሠሪዎቹም ያውቁበታል ብዬ። ሰው ከራሱ ጋር ሲከራከር መቼ ተሸንፎ ያውቃል። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ትራሴን ነው።

ብርቱካን አምና ዐረፈች። ዳንግላ ሙሉ ለቅሶ ወጣ፤ የሺ በሯን ዘግታ ዋለች። ባሏ የእህቱን ሐዘን ብቻውን ተቀመጠ። ሰው የተናገረው ዛሬም አላለቀም።

ፀጉሬን በተቆረጥኩ በሦስተኛው ቀን መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ወረድኩ። የሺ በሩን ከፍታ ራሴን ስታይ «ምነው፣ መነኮስሽ?» ብላ ሳቀች። ወዲያው በርጩማ ላይ አስቀምጣኝ ለጋ ቅቤ አምጥታ ራሴን ታሸኝ ጀመር። ከጆሮዬ ጀርባ ያለችውን ቦታ ጣቷ አገኛት፤ ዙሪያዋን ዳበሰቻት። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች፤ ሻሿን ፈታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና «ነይ፣ የእኔንም እይው» አለችኝ። ዳር ዳሩን ሽበት ቀርቷል፤ መሐሉ ያንጸባርቃል። ሠላሳ ዓመት የደበቀችውን ለእኔ ስትገልጥ አፌን ልዘጋው አልቻልኩም።

«እታለም፣ የቦራ ጋማ የረገፈው ከሠርግሽ ወዲያ አልነበረም።»

እጇ ራሴ ላይ ቆመ። «መቼ ነው ታዲያ?»

«ከመቀባትሽ በፊት። በዋዜማው። አይቼ ደበቅሁሽ። የጣሳውን ሥር ፈልጌ።»

ውጭ ባጃጅ አለፈ። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር፤ በጥፊ ብትመታኝም እወድ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትነግር፣ «እኔ እኮ የብርቱካን ለቅሶ ላይ አልቆምኩም» አለች። እጇን ከራሴ ላይ አነሳች። ቅቤውን ሳትጠርግ ሻሿን ከጉልበቷ አንስታ አሰረችው፣ አጠበቀችው፣ ወደ ጓዳም ገባች። እስኪመሽ ጠበቅኋት፤ አልወጣችም። ባሏ ነው ወደ መናኸሪያ የሸኘኝ።

ይኸው ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ስደውል አንዳንዴ ኔትወርክ የለም ይለኛል፣ አንዳንዴ ይጠራል፣ አይነሳም። ፀጉሬ አንድ ጣት አድጓል፤ ከጆሮዬ ጀርባ ያለችው ቦታም ለስለስ ያለ ፀጉር አብቅላለች። ትናንት ጠዋት በመስታወት ፊት ጣቴን ከተትኩበት፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቁጥርጥር፣ ከውስጡ የሚሞቅ ፀጉር። የእኔ የተፈጥሮ ፀጉር ምን እንደሚመስል እስከዛሬ አላውቅም ነበር። የየሺ ፀጉር ነው። በልጅነቴ ጣቴን ቀብሬበት እተኛ የነበረው፣ ያው ራሱ። ለእሷ ላሳያት ስልኩን አነሳሁና፣ ትንሽ ይዤው ቆሜ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።