የማክሰኞዋ ጠያቂ

የሄድኩ ለት አዶት አላለቀሰችም። እናቴን ማለቴ ነው፤ እኛ የእዣ ጉራጌዎች እናትን አዶት ነው የምንለው፣ ሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቀለለችና ሻንጣዬ ውስጥ ከቀሚሴ በላይ አስቀመጠችው። «እዚያ እኮ ምግብ አለ» አልኳት። «የነሱ ምግብ ነዋ!» አለችኝ። በቃ፣ ስንብታችን ይኸው ነበር። የጭነት መኪናው አገና ገበያ ዳር ቆሞ ጡሩምባውን ሲነፋ ከበሩ እንኳ አልወጣችም። ሁለቱን ወንድሞቼን ወደ አዲስ አበባ ስትሸኝ እስከ መንገዱ ወጥታ ነበር፤ ዛሬ ለመስቀል ካልሆነ ዓይናቸውን አታይም። እኔ ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ ስለሆንኩ መሸኘቱ ሰልችቷት ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ስሜ በየአፉ ስለሚዞር ነው። «ደስታ እናቷን በቁሟ አስለቀሰቻት» ይባላል አሉ፣ ከአገና እስከ ወልቂጤ። እስቲ ከኔም ስሙት። ባሕር ተሻግራችሁ ያላችሁም ስሙት፣ እናንተም ነገ እንደኔ ብልጥ ልሁን ትሉ ይሆናል።

አታት አጠገብ ፈረንጅ መነኮሳት ዘንድ ስሠራ ነው አንዷ ወደ አገሯ፣ ጀርመን፣ ይዛኝ የሄደች። አውሮፕላን ጣቢያው ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ ቆጮውን አገኘ።

«ዋስ ኢስት ዳስ?» አለ። ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«ምግብ» አልኩ፤ መነኩሲቷ ታስተረጉምልኛለች።

«መቼ የተሠራ?»

«እንጃ፤ ከጉድጓድ የወጣው ባለፈው ሳምንት ነው።»

«ከምን?»

«ከጉድጓድ። ተቀብሮ ነበር። ስድስት ወር ይሆነዋል፣ ሲቆይ ነው የሚጥመው።»

ሰውየው ጓደኛውን ጠራ፣ ጓደኛው አለቃውን ጠራ፣ ሦስቱም ሬሳ እንደሚያይ ሰው ከበው ቆሙና በዱላ ጫፍ ገፍተው ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። የእናቴን ድካም! እነሱ እኮ አይብ አሻግተው፣ ሻጋታው አረንጓዴ ሲሆን ነው በክብር የሚበሉት። ያን ጊዜ አላወቅኩም እንጂ እነግራቸው ነበር።

ያመጡኝ አልተርስሃይም ለሚሉት የአሮጊቶችና የሽማግሌዎች ቤት ጠራጊነት ነበር። ልጆቻቸው በሕይወት እያሉ፣ ያውም አንድ ከተማ እየኖሩ፣ እናትና አባታቸውን አምጥተው እዚያ ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን እነዚህ ምን ዓይነት አረመኔዎች ናቸው እያልኩ ነበር ወለሉን የምወለውለው። የኔ እናት ብቻዋን እንደተቀመጠች ትዝ ሲለኝ ደግሞ ዝም ብዬ እወለውላለሁ።

ከዓመት በኋላ የከተማው ማዘጋጃ ቤት አዲስ በጀት መደበ። ለምን ብትሉ፣ በየቤታቸው የሚኖሩትንም ሽማግሌዎች ብቸኝነት እንዳይጎዳቸው። ገንዘቡ ለካርታ መጫወቻ፣ ለዘፈን፣ ለኬክ፣ በአውቶቡስ ሐይቅ ለማየት፣ ደግሞ ቤታቸው ሄዶ ለሚጠይቃቸው ሰው ደሞዝ ይውላል። እኔን ከጠራጊነት አንስተው ጠያቂ አደረጉኝ። የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ ጸሐፊው ሙያሽ ምንድን ነው አለኝ። ጀርመንኛዬ ገና ነው፣ ጠያቂ የሚለውን እንዳለ ገልብጬ ነገርኩት። ለካ በነሱ ቋንቋ ጠያቂ ማለት ጥያቄ የሚጠይቅ ብቻ ነው።

«ማንን ነው የምትጠይቂው? ፖሊስ ነሽ?»

«አሮጊቶችን። እንደምን ዋላችሁ ብዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እቀመጣለሁ።»

«ለመቀመጥ ይከፈልሻል?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው» አልኩት። ትንሽ አየኝና «ረዳት» ብሎ ጻፈ።

የደረሰችኝ ፍራው ክሩገር (ፍራው ወይዘሮ ማለታቸው ነው) የምትባል አሮጊት ነበረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጇ አራት መንገድ ብቻ አልፎ የሚኖር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እጠይቃታለሁ። አንድ ሐሙስ ቀን በደጇ ሳልፍ ሰላም ሳልላት እንዳልሄድ ብዬ ደወሉን ነካሁት። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አደረገችና «አንቺ እኮ የማክሰኞ ነሽ» ብላ መልሳ ዘጋችው። ደጅ ቆሜ ሳቅኩ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ግን ዕንባዬ መጣ።

ይህን ሁሉ ለአዶት ጻፍኩላት። ደብዳቤዋን የሚያነብላት መምህር አስማማው ነው፤ የመንዝ ሰው ነው፣ አገና ትምህርት ቤት ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ። መልሷን ራሱ ጻፈው፣ ጃንሆይ ያሉበትን ቴምብር ለጥፎ ላከልኝ። «የሰው እናት ለመጠየቅ ደሞዝ አለው ወይ? ካለውማ ለኔም አንድ ደሞዝተኛ ላኪልኝ። ሦስት ልጅ ወልጄ ላም አለኝ በሰማይ ሆኛለሁ።» ከታች መምህሩ «እየሳቁ ነው የተናገሩት» ብሎ ጨምሯል። እናቴ ስትስቅ አውቃታለሁ፣ እንደዚያ አይደለም የምትስቀው። ድሮ እንሰት የሚፋቀው ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው፣ አንዷ ሌላዋን እየተረበች ነበር። ዛሬ ጎረቤቶቿ ልጆቻቸውን ተከትለው አዲስ አበባ ገብተዋል፣ መንገድ ወጣልን ብለን ስንጨፍር በመንገዱ ሰዉ ሁሉ ወጣበት። አዶት ብቻዋን ትፍቃለች።

ያኔ ነው ብልጥ የሆንኩት። ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ገብሬ ጻፍኩ። ገንዘብ እልካለሁ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ አምስት ስድስት ሽማግሌና አሮጊት ሰብስቡ፣ ቆሎ ይቆላ፣ ጠላ ይቅረብ፣ አንድ ቀን እናቴ ቤት አንድ ቀን ሌላው ቤት ተቀምጠው ይጫወቱ። ለእሷ ግን እንዳትነግሯት አልኩ፤ ኩሩ ናት፣ በገንዘብ የመጣ ጠያቂ ከበር ትመልሳለች። መልሳቸው በማኅተም መጣ። «እድሩ ለቀብር የቆመ እንጂ በሕይወት ላለ ሰው ወጪ የሚያደርግበት ደንብ የለውም። እናትሽም በመልካም ጤንነት ላይ ስለሚገኙ ልንረዳቸው አልቻልንም።»

ደሜ ፈላ! «ከሞተች በኋላ ድንኳን ሙሉ ሰው ቢመጣላት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው» ብዬ መለስኩላቸው። ተረቱን አለፉት። ድንኳን የምትለዋ ቃል ግን ገብታቸዋለች፤ ከሁለት ወር በኋላ የእድሩ ድንኳን ማርጀቱን፣ አዲስ ሸራ ቢገኝ ጉባኤው ሐሳቤን «በጥሩ ዓይን እንደሚመለከተው» ጻፉልኝ። የሸራውን ጨምሬ ላክሁ።

የሆነውን መምህር አስማማው ኋላ እንደጻፈልኝ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰዉ ወደ ሥራው ሳይበተን ብለው ማለዳ ሄዱ። አቶ ገብሬ ከነከዘራቸው ከፊት፣ አምስቱ ከኋላ። ብርድ ስለነበር ጋቢና ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። እናንተ፣ በኛ አገር ሽማግሌዎች ተከናንበው ማለዳ በር ላይ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል! እኔ ብቻ ረሳሁት። ቀን ቆጥሮ የሚጠይቅ ሰው መሃል ስኖር ረሳሁት።

አዶት በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። «ማን ሞተ?» አለች።

«ኧረ ማንም አልሞተም» አሉ አቶ ገብሬ። «መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

ቁጭ በይ! መርዶ ነጋሪ ሁሉ አፉን የሚፈታው በዚህች ቃል ነው።

«ገብሬ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም አልኩሽ። እንዲያውም ከደስታ ደብዳቤ መጥቷል።»

«ለኔ?»

«አይ፣ ለኔ ነው የጻፉልኝ… ማለቴ የጻፈችልኝ።»

ለእናት ሳይሆን ለዳኛ የሚላክ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው። አዶት ደረቷን መታችና መሬት ላይ ወደቀች። «ልጄን! ልጄን!» ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ደረሰ። አቶ ገብሬ አልሞተችም ባሉ ቁጥር ሰዉ «ቀስ ብሎ ሊነግራት ነው» እያለ ባሰበት። መምህሩ ደብዳቤዬን ከአቶ ገብሬ ተቀብሎ «ይኸው የእጇ ጽሕፈት!» ቢል «ሳትሞት ጽፋው ይሆናላ» አሉት። ቀትር ላይ ድንኳን ተተከለ። አዎ፣ አዲሱ ሸራ! የገዛ ለቅሶዬን ድንኳን የገዛሁ እኔ ነኝ። ማታውን አቶ ገብሬም ጠርጥረው ማልቀስ ጀመሩ አሉ።

መምህር አስማማው ምስኪን ወልቂጤ ወርዶ ቴሌግራም መታ። ፍራው ክሩገር ዘንድ ልሄድ ስል ነው የደረሰኝ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ፦ ደስታ በሕይወት ካለሽ ባስቸኳይ አሳውቂን። ፖስታ ቤት ሮጬ «አለሁ» ብዬ መለስኩ። ጸሐፊዋ «አንድ ቃል ብቻ?» አለችኝ። ሌላ ምን ልበል? ለቅሶው በአራተኛው ቀን ተነሣ፤ ሸራው ተጠቅልሎ ወደ እድሩ ቤት ተመለሰ፣ ቆሎና ጠላውንም ከዚያ ወዲያ ያነሣው የለም።

የአዶትን ድምፅ ካልሰማሁ ብዬ ቀጠሮ ተያዘና መምህሩ በላንድሮቨር ወልቂጤ ስልክ ቤት አመጣልኝ። ቀኑ እንደገና ማክሰኞ ነበር። ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አታውቅም። በጉራጊኛ የተባባልነውን በአማርኛ ልጻፈው።

«አዶት! እኔ ነኝ፣ ደስታ!»

መምህሩ «ይናገሩ» ሲላት ሰማሁ።

«አለሁ፣ አዶት። አልሞትኩም። ይቅር በይኝ፣ ሰው እንዲጠይቅሽ ብዬ ነው። ያን ሁሉ ቀን አስለቀስኩሽ!»

«አልጩኺ፣ እሰማለሁ» አለች። ሽቦው ውስጥ ነፋስ አለ። «እኔ እንኳ ያለቀስኩት የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው።»

«እንዴት?»

«ሲመሽ፣ ገብሬ ራሱ ማልቀስ ሳይጀምር፣ ማለልኛ። በመስቀሉ ማለልኝ። መምህሩም ደብዳቤውን አነበበልኝ፣ ሸራው ምኑ ሳይቀር። አለሽ፣ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልሞተችም አላልሻቸውም?»

ሦስት ደቂቃ ነው ያለን፣ እሷ ግን አልቸኮለችም።

«ቤቱ ሞልቶ ነበር» አለች። «የገጠሯ አክስትሽ እንኳ መጣች፣ ካየኋት ስንት ዘመኔ! አጠገቤ ተኛች። ወንድሞችሽ መጡ፣ ለመስቀል ሳይሆን! በሦስቱ ሌሊት ብቻዬን አላደርኩም። አለች ብላቸው ይሄዳሉ። ቴሌግራሙ ሲመጣ ሄዱ።»

«አዶት…»

«ቆጮውን በላሽው?»

«በላሁት» አልኩ። ከዚያ የወልቂጤዋ ስልከኛ «ጨርሱ» አለችና ተቆረጠ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር ፍራው ክሩገር ደጅ የደረስኩት። ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ ዓይኔን አየች፣ ሰንሰለቱንም ፈታች። «ሰው ሞተብሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኳትና ቁጭ አልኩ።