ቀዩን መንገድ የሚመርጡት ሰውዬ

ከሕንጻችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ በኢስታንቡል ካሉት ሾፌሮች ሁሉ የተራቀቁ ናቸው። መኪናቸው ውስጥ መንገድ የሚመራ መሣሪያ አለ። ከጎኑ የሰኩት መቀበያ የትራፊኩን ወሬ በየደቂቃው እየተቀበለ የተጨናነቀውን መንገድ ቀይ ያደርግላቸዋል። ሌላው ሰው ይህን ዕቃ የሚገዛው ከመጨናነቅ ለማምለጥ ነው። እሳቸው ግን ቀዩን ሲያዩ መነጽራቸውን ያስተካክሉና በቀጥታ ወደዚያው ይነዳሉ።

መኪናዬ ጋራዥ የገባች ሰሞን ለምኛቸው አብሬያቸው ሄድኩ። መሣሪያው ውስጥ ያለችው ሴት "ወደ ቀኝ ይታጠፉ፤ አርባ ደቂቃ ያተርፋሉ" ስትል ድምጿን ቀነሱት።

"ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ እውነቷን ነው!" አልኳቸው።

"አርባ ደቂቃውን ምን ላደርገው?" አሉኝ።

መሣሪያው ቀይ ያደረገው ድልድይ ላይ ተገትረን ቀረን። ክራባታቸውን እንደ ሙሽራ አስተካከሉ። በመኪኖቹ መሀል ሲሚት ዳቦ የሚያዞረው ሰው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ትናንት የት ጠፉ? አሳሰቡኝ እኮ!" ሲላቸው ፊታቸው በራ። እኛ ደጋግ ጎረቤቶቻቸው በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቅናቸው ጥያቄ ነው።

አንድ የበዓል ቀን ጠዋት ሕንጻችን በር ላይ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው መሣሪያውን በጣታቸው ሲያንኳኩ አገኘኋቸው።

"መንገዱ ሁሉ ክፍት ነው ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?" አሉኝ።

"ደህና ነው ጋሼ፣ በዓል ስለሆነ እኮ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ ነው።"

"ታዲያ ዛሬ ወዴት ይኬዳል?"

እንግዶች ይጠብቁኝ ስለነበር፣ መልካም በዓል ብያቸው ወደ ቤቴ ወጣሁ።