ሐሙስ ሐሙስ ሯጮች ያስተናግዳሉ

ሮይስ ቲቤትስ ኮሌጅ እያለ ኳስ ይዞ ሮጦ አያውቅም። የአሜሪካ እግር ኳስ የሚሉት ጨዋታ ግማሹ ግፊያ ነው፤ የእሱም ድርሻ ፊቱ የተገተረውን ጎረምሳ በትከሻው እየገፋ፣ ኳሱን ታቅፎ ለሚሮጠው ለአገሩ ልጅ ለዌንዴል ፕሩት መንገድ መክፈት ነበር። ሕዝቡ የዌንዴልን ስም ይጠራል፤ ሮይስ ከአፉ ሣር ይተፋል። ይሄም ቅር አይለውም። የሚያንገበግበው ሌላ ነው፤ ምግብ ቤት ሲገቡ ሯጮቹ ቀድመው ሥጋውን ይጨርሱታል፣ ለመንገድ ከፋቾቹ የሚተርፈው ድንች ነው።

ስለዚህ ምዕራብ ቴክሳስ ተመልሶ በሃሌት ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ሲሆን መጀመሪያ ያወጣው ሕግ የሜዳ አልነበረም። ሐሙስ ሐሙስ ቡድኑ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እራት ሲበላ፣ ሯጮቹ ሽርጥ ታጥቀው መንገድ ከፋቾቹን ያስተናግዳሉ፤ እነሱ የሚበሉት የተረፈውን ነው። ከተማው ሳቀ። ዋንጫ መምጣት ሲጀምር ግን ሳቁን ትቶ ሥጋውን ራሱ ያዋጣ ጀመር።

አንድ ዓመት፣ የተሸነፈ ከሚወጣበት ጨዋታ ዋዜማ ላይ የዌንዴል ልጅ ኮዲ ከእራቱ ቀረ። የቡድኑ ፈጣን ሯጭ እሱ ነው፤ በማግስቱም ለዩኒቨርሲቲ ቡድን ሊመለምለው የሚያየው ሰው ይመጣል። “እኔ አስተናጋጅ አይደለሁም” ብሎ ላከ።

ዓርብ ከሰዓት ዌንዴል የአሰልጣኙን መኪና ተደግፎ ጠበቀ።

“ሮይስ፣ ልጄን ከጨዋታ ውጭ ልታስቀምጠው ነው አሉኝ። ለአንድ ሳህን ሥጋ ብለህ?”

“ሥጋውማ ተበልቷል። መንገድ ከፋቹ ኦቲስ የኮዲንም ድርሻ ደርቦ በላው።”

“ብትሸነፍ ይሄ ከተማ አንተንም ይበላሃል።”

“እንግዲያው ሐሙስ ይሁንላችሁ፤ መጀመሪያ መንገድ ከፋቾቹ ይቅመሱኝ።”

ኮዲ የተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እረፍት ሲወጡ ሃሌት ሰባት ለዜሮ እየተመራች ነበር። መልበሻ ክፍል ውስጥ ሮይስ ሰሌዳው ላይ መስመር ሲያሰምር፣ ኮዲ ማንም ሳያዘው የውሃውን ባልዲ አንስቶ መንገድ ከፋቾቹን እየዞረ ያጠጣ ጀመር። ግንድ የሚያህለው ኦቲስ ጨልጦ ኩባያውን መለሰለት።

“ድገመኝ እስቲ። በረዶም ጣል አርግበት፣ አስተናጋጅ።”

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኮዲ ፊቱ ቀላ፤ ግን ቀዳ።

“ለሁሉም ካዳረስክ በኋላ የራስ ቁርህን አድርግ” አለ ሮይስ ፊቱን ከሰሌዳው ሳይመልስ።

ከእረፍት በኋላ ኦቲስና ጓደኞቹ የከፈቱት መንገድ ጭነት መኪና ያሳልፍ ነበር። ኮዲ ሁለቴ አልፎበት አስቆጠረ፤ ሃሌት አሸነፈች።

በቀጣዩ ሐሙስ ኮዲ ሽርጥ ታጥቆ ሥጋ ያድላል፤ ኦቲስም “ጮማውን አትሰስት” ይለዋል። አባትየው ሥጋውን ራሱ ጠብሶ አምጥቶ፣ ሳህን ይዞ ከሮይስ ኋላ ተሰለፈ።

“ወዴት ነው ዌንዴል? አንተ ሯጭ ነበርክ እኮ።”

“አንተ ሰው፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ቂም ይዘህብኛል?”

“ቂም አይደለም፣ ተራ ነው።”

ዌንዴል ሳህኑን አስቀምጦ ሽርጥ ጠየቀ።