የዳኛቸው ደም የተናገረው

ባሌ ዳኛቸው ፌርፋክስ ሰፈር፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ፣ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው። ሰዉ ሁሉ ቁልፉን ወርውሮለት ገብቶ ክትፎውን ይበላል። መኪናው ከተጫረ እሱ ራሱ ነው ቀድሞ የሚናገረው። ዳኛቸው ዋሸ የሚለኝ ቢኖር እጣላው ነበር።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ሲል የልቡ በር ላይ ኢንፌክሽን ያዘው። ዌስትውድ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ትንሽ ሲሻለው ክንዱ ላይ ቀጭን ቱቦ አድርገው ወደ ቤታችን ካልቨር ሲቲ ላኩት። አንቲባዮቲኩን በቱቦው የምሰጠው እኔ ነኝ። ነርስ እየመጣች ደም ትወስዳለች፤ ፋርማሲስቷ ደግሞ ደሙ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ አይታ መጠኑን ትወስናለች። ካነሰ ጀርሙ አይሞትም፣ ከበዛ ኩላሊት ይጎዳል። እንደ ልብስ በልኩ ይሰፋለታል ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው!

አንድ ቀን ጠዋት ፋርማሲስቷ ደወለች። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት።

“የዛሬውን እንዳትሰጪው። መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሟል፣ ኩላሊቱም እየደከመ ነው። ውሃ ይጠጣል?”

“እንዴ! በየጠዋቱ ጆግ ሙሉ አጠገቡ አስቀምጬለት ነው ሥራ የምሄደው። ስመለስ ባዶ ነው!”

“ደሙ እንደዚያ አይልም” አለች ቀስ ብላ።

ዞር ስል ዓይኔ ከዳኛቸው ወንበር አጠገብ ባለው በሶብላዬ ላይ አረፈ። ያቺ ሚጢጢ ችግኝ መስኮቱን ሸፍናዋለች። አፈሩ ጭቃ ሆኗል።

“አንተ ሰውዬ! ውሃህን ማነው የሚጠጣው?”

አንገቱን ደፋ። “ሮሐዬ፣ አምላኬን ከሆስፒታል በእግሬ ካወጣኸኝ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም ብዬ ተስያለሁ። መድኃኒቱ እንደሆነ በአፌ አይገባ።”

ንዴቱም ፍርሃቱም አንድ ላይ ያዘኝ። እሱ ግን ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ “ማን ነገረሽ?” አላት።

“ደምህ።”

ዳኛቸው ወደ እኔ ዞረ። “መልኬን እንኳ አይታ አታውቅም እኮ” አለኝ። “ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅብኝ የለም ብዬ ነበር።” እኔንም ውርር አደረገኝ። ከአንዲት ብልቃጥ ደም!

የንስሐ አባቱ ጋ ደወልኩ። “ልጄ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም” አሉት። “ስለትህን ስትድን ታደርሳለህ። አሁን ጠጣ።”

አማተበና ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። “ለፋርማሲስቷ ደውለሽ ጠጣ በያት” አለኝ።

“ምን አስደወለኝ! ራሱ ደምህ ይንገራት።”

ነርሷ መጥታ እንደገና ደም ወሰደች። ፋርማሲስቷ ስትደውል ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ “ውሃ እየጠጣ ነው” አለች። “መድኃኒቱ ወርዷል፣ ኩላሊቱ እየተመለሰ ነው። ቀነስ ያለ አዲስ ዶዝ እልክላችኋለሁ።” ወንበሩ ላይ ዘፍ ብዬ አለቀስኩ።

በሶብላዬ አሁን ጠውልጓል። ይጠውልግ!