የእጣቢ ታንከር ፍተሻ

ቅዳሜ፣ ጥር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቦንጋ በሚያስወጣው ኬላ አንዲት ነጭ መኪና ለፍተሻ ቆመች። መኪናዋ አልጋ፣ ምድጃ፣ የእቃ ማጠቢያና ሽንት ቤት ነበራት። የሚነዷት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ብቻቸውን የሚጓዙ የውጭ አገር ሴት ነበሩ።

እኔ ኬላው ላይ የተገኘሁት ስለ ቡና ቁጥጥር ልዘግብ ነው። ያለ ፈቃድ ቡና ጭኖ መውጣት ክልክል ስለሆነ ፍራሽ ሳይቀር ይዳሰሳል፣ ትርፍ ጎማ ይወርዳል። ተቆጣጣሪው ደግሞ ክንድ የምታህል ብረት ይዞ ታንከር ያንኳኳል። ከሁለት ሳምንት በፊት በእሱ ተራ ያለፈ የውኃ ቦቴ ቀጣዩ ኬላ ላይ ሲከፈት ግማሹ ቡና ሆኖ ተገኝቷል። አለቆቹም አንድ ሌላ ካመለጠው ከሥራው እንደሚሰናበት ነግረውታል። ይህን ያጫወተኝ ራሱ ነው፤ ሲያጫውተኝ ግን አልሳቀም።

ከመኪናዋ ሆድ ሥር አንድ የፕላስቲክ ታንከር ነበር። አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ደግሞ አንኳኳ።

«ከላይ ውኃ ነው። ከታች ግን ሌላ ነገር አለ» አለኝ።

ሴትዮዋን በእንግሊዝኛ ጠየቅኋቸው። ታንከሩ የእቃና የእጅ እጣቢ የሚጠራቀምበት እንደሆነ፣ ቴፒ ላይ ሊያፈሱት ሞክረው ቧንቧው ስለተደፈነ ጠብ እንዳላለ ነገሩኝ። ይከፈት መባሉ ጭራሽ አስደሰታቸው፤ ለሦስት ቀን የሚያግዛቸው ሰው ሲፈልጉ ነበር። ሽንት ቤቱም አለ፣ ከፈለጋችሁ ከእሱ እንጀምር አሉ። ተቆጣጣሪው ክዳኑን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ወዲያው መለሰው።

«ይሄን በቃላቸው አምኛለሁ» አለ።

ከኬላው ፊት ለፊት ምግብ ቤት ያላት ሴት ወሬውን ሰምታ ወጣች። መንገድ ላይ ብታፈሱት ቁርስ የሚበላ ሰው አይቀረኝም፣ ጓሮዬ ግቡ፣ እኔም እጣቢዬን የምደፋው ሙዝ ሥር ነው አለች። የስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሴትዮዋን ጠይቄ የሁለት ሳምንት አልኳት።

«እንግዲያው እመጨረሻው ሙዝ ጋ ውሰዱት።»

መኪናዋ በኋላ ማርሽ ጓሮ ገባች። ተቆጣጣሪው በጀርባው ተንጋሎ ሽቦ ወደ ቧንቧው ሰደደ። ሲከፈትለት የመጀመሪያው እጣቢ የገባው እጅጌው ውስጥ ነው። ግራጫ፣ ቅባት የጠጣ ውኃ ወረደ። ሁላችንም አፍንጫችንን ያዝን፤ የሄደ ግን የለም። ሲያበቃ አንኳኳ። የታችኛው ድምፅ አሁንም ድፍን ነው።

ሴትዮዋ መላ ነበራቸው። ሙቅ ውኃና የዱቄት ሳሙና ታንከሩ ውስጥ ጨምሮ አባጣ ጎርባጣ መንገድ ላይ መንዳት ነው፤ ታንከሩ ራሱን በራሱ ያጥባል አሉ። አባጣ ጎርባጣ እንኳ አልቸገረንም፤ እዚያው አጠገባችን ወደ አማን ከተማ የሚወስደው መንገድ ነበረ። ባለ ምግብ ቤቷ ሁለት ባልዲ ሙቅ ውኃ ሰጠች። ተፈትሾ ያላለቀ መኪና ከዓይን መራቅ ስለሌለበት ተቆጣጣሪውም ተሳፈረ። አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ብረቱን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሲሄድ ባለ ምግብ ቤቷ በዓይኗ ሸኘችው።

«ዛሬስ የሚታጠበው እሱ ነው» አለች።

አርባ ደቂቃ ቆይተው ተመለሱ። ጭንቅላቱ ሁለት ጊዜ ከቁም ሳጥኑ ጋር መጋጨቱን ገልጾልኛል።

ቧንቧው ሲከፈት ከአረፋው ጋር ጥቁር ዝቃጭ ወረደ። ተቆጣጣሪው በጭልፋ ተቀብሎ እኔ በያዝኩት ጋዜጣ ላይ ዘረጋው፣ በጣቱ አሸው፣ አሸተተው።

«ቡና ነው» አለ።

ፍተሻ ሲጠብቁ የነበሩ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች አጥሩን ከበው ያዩ ነበር። ያለውን ለሴትዮዋ ተረጎምኩላቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው ቀላ። በየማለዳው ቡና እንደሚያፈሉ፣ አተላውን እቃ ማጠቢያው ውስጥ እንደሚደፉ፣ መኪናዋን የሸጠላቸው ሰው ይህን እንዳያደርጉ አጥብቆ ነግሯቸው እንደነበር ተናዘዙ። ባለ ምግብ ቤቷ ሳቋ ሲያሸንፋት ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት።

ተቆጣጣሪው ግን ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ቡና ከታንከር ሲወጣ ይሄ ሁሉ ሰው አይቷል። ካልጻፍኩት ደግሞ አሳለፈ እባላለሁ። ቡና ተያዘ ብዬ ብጽፍ እኚህ እናት ሊታሰሩ ነው። አንተ ብትሆን ምን ትጽፋለህ?»

«ያየሁትን» አልኩት። «ካየሁት ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።»

ጠረጴዛው ጋ ሄዶ መዝገቡን ገለጠና ብዙ ቆየ። እኛ ታንከሩን በንጹሕ ውኃ፣ የሚወርደው እስኪጠራ ድረስ አለቀለቅነው። ተመልሶ ለመጨረሻ ጊዜ አንኳኳ። ከላይም ከታችም ባዶ ነበር።

መኪናዋ ኬላውን ያለፈችው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። መዝገቡን አስፈቅጄ አየሁና እንዳለ ገለበጥኩት፦

«ዕቃው፦ ቡና። የተገኘበት፦ ከመኪና ሥር ታንከር ውስጥ። መጠን፦ ሁለት ጭልፋ። ሁኔታ፦ ተፈልቶ የተጠጣ። ውሳኔ፦ ቡናው ሙዝ ሥር ተደፍቷል፤ መኪናዋ ትለፍ።»