አማቴ አየር ያኘኩበት ሁዳዴ

የመጀመሪያ ልጃችን ስድስት ወር ያለፈው ልክ ሁዳዴ ሲገባ ነው። ያኔ ቢቸና ገበያው ዳር ሬዲዮ እጠግን ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ የገዛ ሬዲዮዬን ፈትቼ መልሼ መግጠም ቢያቅተኝ ጊዜ በዚያው ተማርሁት። በኋላማ ቢቸና ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ጠጋኝ አልነበረም። ሌላ ጠጋኝ ነበር ወይ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጁን ሚዛኑ ላይ አንጠልጥላ መዘነችውና ፊቷ ተለወጠ።

"ካለፈው ወዲህ ምንም አልጨመረም" አለቻት ባለቤቴን። "ከእንግዲህ ጡት ብቻውን አይበቃውም። ገንፎ ጀምሪለት። እንደ አጥሚት የሚፈስ ሳይሆን ማንኪያ ላይ ረጋ ብሎ የሚቀመጥ። እንቁላል፣ ወተት፣ ትንሽ ቅቤ አይለየው።"

"በሁዳዴ?" አልሁ እኔ።

"ጿሚው አንተ ነህ ወይስ እሱ?"

ሕፃን እንደማይጾም እንኳን እኔ፣ ከሞጣ ልጅ ሊያዩ መጥተው እኛ ጋ የከረሙት አማቴም ያውቃሉ። የእሳቸው ጭንቀት ዕቃው ነው። እንቁላል በነካ ድስት ሽሮ ከተሠራበት የቤቱ ሰው ሁሉ ጾሙን ገደፈ ማለት ነው። ይኸን ፈርቶ ልጁን እስከ ፋሲካ በሽሮ የሚያቆይ ቤት ስንት ነበር! "እንቁላል በነካ እጅሽ ወደ ማጀት እንዳትገቢ ብቻ" አሏት ልጃቸውን።

ባለቤቴ አልተከራከረችም። ለልጁ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ገዛች። ጓሮ ሦስት ጉልቻ ጎለተች። ገብስ፣ ስንዴና ሽምብራ ቆልታ አስፈጨች። ገንፎውን በወተት ታገነፋና እንቁላል መትታ ትጨምርበታለች፤ ከዚያ ዕቃውን አጥባ እዚያው ውጭ ሚስማር ላይ ትሰቅላለች። የሚገርመኝ ግን አንዲት ጠብታ ሳትቀምስ መሥራቷ ነው! መብሰሉን በጠረኑ፣ ሙቀቱን በእጇ አንጓ ነው የምታውቀው። እኔ ሬዲዮውን ሳትሰማ ጠግን ብባል እችላለሁ? እርግጥ እችላለሁ፤ ግን ከባድ ነው።

ያ ሁሉ ተለፍቶ ልጁ አፉን ግጥም! ማንኪያው ሲመጣ ፊቱን ያዞራል። በማግስቱም እንዲያው። ባለቤቴ ሳህኑን አስቀምጣ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። በዚህ ከቀጠለ ሚዛኑ ላይ ምን እንደሚጠብቀን ሁላችንም እናውቃለን።

"ለእኔ ተዉት" አልሁ። እንደ አውራ ዶሮ ጮህሁ፣ እንደ አውቶብስ ጥሩንባ ነፋሁ። ልጁ ከትከት ብሎ ሲስቅ ማንኪያውን ወደ አፉ ላክሁት። ፉ! አድርጎ ደረቴ ላይ ረጨው።

"አንተን መች ያምንሃል" አሉኝ አማቴ። "እኛም አናምንህ።" ከዚያ ልጁን አተኩረው አዩት። "ልጅ የሚበላ ሰው አይቶ ነው የሚበላ። እዚህ ቤት በጠዋት የሚበላ ማን አየ? ሁላችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋችንን ዘግተን!"

ተነሥተው ከጾሙ ዕቃ አንድ ደረቅ ማንኪያ አመጡና ልጁ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ባዶውን ማንኪያ ወደ አፋቸው ወሰዱ። አኘኩ። አሁንም አኘኩ። ዋጡ። ከንፈራቸውን ጠረግ አድርገው "እሰይ!" አሉ። እኒህ አማች ፊት ጥርሳቸውን አሳይተው የማያውቁ ሴትዮ! ልጁ ፈዞ ያያቸዋል፤ ትንሽ ቆይቶ የእሱም ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ባለቤቴ ማንኪያዋን ቶሎ አቀረበች። ዋጠ። አማቴ እንደገና ጎረሱ፤ እሱም ጎረሰ።

እስከ ፋሲካ ጠዋት ጠዋት እንዲያ ሆነ። ይኸን ሳላይ ሱቅ አልከፍትም።

"እማማ፣ ዛሬ ጣፈጠ?"

"በጣም። ለአንተ ግን አይደርስህም።"

በዓሉ ካለፈ በኋላ አማቴ ወደ ሞጣ ከመመለሳቸው በፊት ልጁን አብረን ወሰድነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ አንጠለጠለችው። ቀስቱ ዞረ፣ ካለፈው ጊዜ አልፎም ሄደ።

"ጎሽ! ማን ነው ያበላው?" አለች።

እኔ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ፤ "እኔ ሠራሁ፣ እማዬ አኘከች።"

አማቴ ወደ ሚዛኑ ጠጋ አሉ። "እስኪ አውርጅና ድገሚው።"

"አልተሳሳትሁም እኮ እማማ።"

"አውቃለሁ ልጄ። ቀስቱ ሲዞር ደግሜ ልየው ብዬ ነው።"